ረጃጅም ቃላት ያስተማረችኝ ሰዓዳ

ሰዓዳ መሞቷን የሰማሁት ሪያድ፣ ባጥሐ ገበያ፣ የስልክ ከቨር እየመረጥኩ ነው። አብራኝ የነበረችው ሉባባ የሰፈሬ ልጅ ናት፤ በወር አንዴ ዓርብ ስንገናኝ ከአገር ቤት የሰማችውን ሁሉ ትነግረኛለች። ከከቨሮቹ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «ያቺ የእንግሊዝኛ መምህርቷ አረፈች አሉ። አገሯ ሐይቅ ከተማ ከገባች ዓመት እንኳን አልሞላትም፤ ኩላሊቷ ነው» አለችኝ።

«የትኛዋ መምህርት?» አልኳት። የትኛዋ እንደሆነች ግን ሳትጨርሰው አውቄያለሁ።

«ሰዓዳ ናታ! ሺፋ የነበረችው።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩ። ይሄ እንዲያው ከአፍ የሚወጣ ነው። ከዚያ በኋላ የሚባለውን፣ አላህ ይዘንላት የሚለውን፣ ግን አላልኩትም። ሉባባ ያዘንኩ መስሏት ትከሻዬን ያዘችኝና፣ «ትቀርቢያት ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እቀርባት ነበር። ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ እንደ እሷ የቀረብኩት ሰው የለም። እንደ እሷ አድርጎ የጎዳኝም የለም። ይሄን ለሉባባም ለሌላም ሰው ተናግሬው አላውቅም።

ሪያድ እንደመጣሁ የገባሁበት ቤት ሺፋ የሚባለው ሰፈር ነው። ቤቱ ከጎረቤት ቤት ጋር ጀርባ ለጀርባ የተጣበቀ ነው። ልብስ የምናሰጣው ጣራ ላይ ሲሆን፣ ሁለቱን ጣራዎች የሚለየው ግንብ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ የቤቱ ሴቶች ከውጭ እንዳይታዩ ነው እንዲህ የሚሠሩት። ነፋስ እንዲያሳልፍ ብለው ግን ፊት በሚደርስበት ከፍታ ላይ አንድ ረድፍ ባለቀዳዳ ብሎኬት ደርድረውበታል። ቀዳዳው ጡጫ ያህል ነው። በዚያ ቀዳዳ መጀመሪያ ያየሁት አፏን ነው፤ ፍንጭት ጥርስ፣ የተነቀሰ ድድ፣ ቀጭን ከንፈር። ሰዓዳን ብዙ ጊዜ በአፏ ብቻ ነው የማውቃት። ዛሬም ሳስባት ፊቷ ሙሉ ሆኖ አይመጣልኝም።

የተዋወቅነው ከመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አሠሪዬ ማዳም የሰጠችኝን የወለል ማጽጃ እንዳለ እብነበረዱ ላይ ደፋሁትና ወለሉ ነጭ ነጠብጣብ አወጣ። የእኔም ጣቶች ተላጡ። ማዳም ጮኸችብኝ፤ አረብኛውን ገና ስላልለመድኩት የገባኝ ጩኸቱ ብቻ ነው። ጣራ ላይ ወጥቼ እጄን ባልዲ ውስጥ ነክሬ ሳለቅስ ከግንቡ ውስጥ የሴት ድምፅ በአማርኛ፣ «ጠርሙሱ ላይ ምን ይላል?» አለኝ።

ደንግጬ ተነሳሁ። «ማን ነው?»

«የጎረቤት ሠራተኛ ነኝ። ስትጮህብሽ ሰምቻለሁ። ጠርሙሱ ላይ ምን ይላል?»

«እንግሊዝኛ ነው። አላውቀውም።»

«ትምህርት እስከ ስንት ደርሰሻል?»

«ስምንተኛ ክፍል።»

«እንግዲያው ፊደሎቹን ታውቂያቸዋለሽ። ትልቁን ጽሑፍ አንድ በአንድ ጥሪልኝ።»

ጠርሙሱን አምጥቼ ጠራሁላት። ረጅም ቃል ነበር፤ መሀሉ ላይ ስደርስ መነሻውን ረሳሁት። እሷ ግን ምን እንደሚል ወዲያው አልነገረችኝም። «እጅሽን አገጭሽ ሥር አድርጊ» አለችኝ። እሷም በቀዳዳው በኩል እጇን አገጯ ሥር አድርጋ አሳየችኝ። «አሁን ተከተይኝ። ኮን። ሰን። ትሬይ። ትድ። አገጭሽ ስንት ጊዜ ወረደ?»

«አራት።»

«ቃሉም አራት ቁራጭ ነው ማለት ነው። ከአራቱ የሚጠብቀው፣ ተጭነሽ የምትይው፣ የፊተኛው ነው፤ *ኮን*ሰንትሬይትድ። ያልቀጠነ፣ ኃይለኛ ማለት ነው። ውሃ ሳይገባበት አይነካም። ከዛሬ ወዲያ ያላነበብሽውን ነገር እጅሽ ላይ እንዳታፈሺ፣ እሺ እህቴ?»

ቀኑን ሙሉ ሥራዬን እየሠራሁ ያንኑ ቃል ስለው ዋልኩ። በማግስቱ የሚሰጣ ልብስ ሳይኖረኝ ጣራ ወጣሁ።

ሰዓዳ ሐይቅ ከተማ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምራለች። ትምህርት ቤቷ በጦርነቱ ተጎድቶ ሲዘጋ፣ ባሏም ቀድሞ ሞቶባት ስለነበር፣ አንድ ልጇን ኢክራምን ለእናቷ ሰጥታ እንደ እኔው በቤት ሠራተኛነት መጣች። ጎረቤት ያለችው ማዳሟ ደግ ናት፤ ሰዓዳ ግን ደግነቱ አልጠቀማትም። «እዚህ ቤት ማንም አይጮህብኝም፤ ማንም ደግሞ አንድ ነገር አይጠይቀኝም። ዘጠኝ ዓመት ስጠየቅ የኖርኩ ሰው ነኝ» ትለኝ ነበር። ለዚህ ይመስለኛል የኔን ጥያቄ እንደዚያ ትወደው የነበረው።

ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ሁለታችንም ልብስ ይዘን እንወጣለን። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ያቺ ግማሽ ሰዓት ትምህርት ቤቴ ነበረች። እሷ ከሻምፑ፣ ከመድኃኒት፣ ከወተት ቆርቆሮ ላይ ረጅም ቃል መርጣ ትመጣለች። አጭር ቃል አትወድም፤ «አጭሩን ማንም ያስተምርሻል» ትላለች።

አንድ ቀን «ስትሬንግዝ» የሚለውን በአማርኛ እንድጽፈው አዘዘችኝ። ጻፍኩት።

«ስንት ፊደል ነው?»

«ስድስት።»

«አገጭሽን ይዘሽ በይው።»

አልኩት። አገጬ የወረደው አንዴ ነው። እንደገና አልኩት፤ አሁንም አንዴ።

«አየሽ? ሳድሱ ነው የሚሸውደን» አለች፤ ሳቋ በቀዳዳው ይመጣል። «እኛ ፊደላችንን ሁሉ እኩል እናከብራለን። አንዱንም ሳናስቀይም ስ፣ ት፣ ሬ ብለን እንሄዳለን። እነሱ ግን ከቃሉ ውስጥ አንዱን ያነግሡና የቀረውን ይውጡታል። ንጉሡን ካወቅሽ ሌላውን ብታበላሺውም ይሰሙሻል። ንጉሡን ከሳትሽ ግን ሁሉን አስተካክለሽ ብትይውም አይገባቸውም።»

ንጉሡን የት እንደምናገኘው ያሳየችኝ በልብስ ገመድ ነው። አንድ ቃል በስንት ቁራጭ እንደሆነ ቆጥሬ በዚያው ልክ መቆንጠጫ ገመዱ ላይ አደርጋለሁ። በሁሉም መቆንጠጫ ላይ ካልሲ እሰቅላለሁ፤ በሚጠብቀው ላይ ግን ውሃው ያልተጨመቀ ጂንስ። ገመዱ እዚያ ጋ ይረግባል። «ፎቶግራፍ በይ» ትላለች፤ ጂንሱ መጀመሪያው ላይ ነው። «ፎቶግራፈር» ስትል ጂንሱን አንስቼ ወደ ሁለተኛው አሳልፈዋለሁ። «ፎቶግራፊክ» ስትል ወደ ሦስተኛው። «አንድ ቤተሰብ ናቸው። ጭራ በተጨመረ ቁጥር ግን ሸክሙ ወደ ሌላው ይዞራል። ለምን እንዳትይኝ፤ እንደዚህ ነው።» በ«ሽን» የሚጨርስ ቃል ሲመጣ ደግሞ ሳታስብ ጂንሱን ከ«ሽን» ፊት ካለው ላይ እንድሰቅል ነገረችኝ። ኢንፎር*ሜ*ሽን። ቫክሲ*ኔ*ሽን። አንዴም ሳትሳሳት ሠራችልኝ ይቺ ሕግ።

የቃል አሠራርም አስተማረችኝ። በአማርኛ ሰዋስው ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ የሚባለውን ታስታውሻለሽ ወይ አለችኝ። አላስታወስኩም። «ከቃሉ ፊት የሚለጠፈው ባዕድ መነሻ፣ ከኋላው የሚለጠፈው ባዕድ መድረሻ። ባዕድ መቼም መሀል አያስገቡትም» አለችና፣ «እዚህ አገር እኔና አንቺ ማለት ነን» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሳቃችን በዝቶ ማዳም ከታች፣ «ሐዋ! ያላ!» ብላ ጠራችኝ።

ደብተር ገዛሁ። ዓርብ ዓርብ ማዳም ከእነ ልጆቹ እናቷ ጋ ስትሄድ ቁጭ ብዬ እገለብጣለሁ። በአምስተኛው ወር አካባቢ የቤቱን ትልቅ ልጅ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ማንበብ ጀመርኩ። ልጁ ተገርሞ እናቱን ጠራ። ማዳምም ተገርማ እህቷን አቢርን ጠራች። እንግሊዝኛ የምታነብ የሐበሻ ሠራተኛ እንደ ጉድ ታየሁ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የዞረው በዚያ ስለሆነ። ከዚያ በፊት፣ በሦስተኛው ወር ይመስለኛል፣ ልጠፋ አስቤ ነበር። ማዳም በሆነ ባልሆነው ትቆጣኛለች፤ ሉባባ ያኔ መንፉሐ የሚባለው ሰፈር ነበረች፣ ከአሠሪዋ ጠፍታ በቀን ሥራ የምትኖር። ስትደውልልኝ፣ «ነይ፣ እዚህ ማንም አያዝሽም» ትለኛለች። ሰማያዊ ቦርሳ ውስጥ ልብሴን ሸክፌ አልጋዬ ሥር አደረግኩ። ይሄን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለሰዓዳ፣ በቀዳዳው።

አልተቆጣችኝም። «አንድ ቃል ጻፊ» አለችኝ። «አንዶክዩመንትድ። አምስት ቁራጭ ነው፤ ጂንሱ ዶክ ላይ። ወረቀት የሌለው ማለት ነው። ፊት ያለችውን ‹አን› ተመልከቻት፤ ሁለት ፊደል ናት። አንዴ ከተለጠፈችብሽ ግን የሚነቅልልሽ የለም። ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ይሰረዛል፣ በየመንገዱ ስትደበቂ ትኖሪያለሽ፣ ሲይዙሽም ያስገቡሻል። ቃሉን ደብተርሽ ላይ ጻፊና በየቀኑ እይው።» ጻፍኩት። ቦርሳውንም ፈታሁ። ልብሴን አውጥቼ በቦታው ደብተሬን አስቀመጥኩበት። ወላሂ፣ ያን ጊዜ እሷ ባትኖር ዛሬ የት እንደምሆን አላውቅም።

ከዚያ አቢር መጣች። የማዳም እህት የሕፃናት መዋያ ልትከፍት ነበር። መምህራኑ ፊሊፒናውያን ናቸው፤ ከእነሱ ጋር በእንግሊዝኛ የምትግባባ፣ ለሕፃናቱ መጽሐፍ የምታነብ፣ በግድግዳ የተለጠፈውን የጥንቃቄ ጽሑፍ የምትረዳ አንዲት ረዳት ፈለገች። ማዳም ልትለቀኝ ተስማማች፤ ከፊሌ፣ ሕጋዊ አሠሪዬ፣ አቢር ልትሆን፣ ወረቀቴም በሕጋዊ መንገድ ሊዛወር። የራስ ክፍል፣ ዓርብና ቅዳሜ ዕረፍት። እሑድ ጠዋት መዋያው ሄጄ አቢር ፊት ላነብ ተቀጠረ።

ወደ ጣራ በሩጫ ነው የወጣሁት። «እትዬ ሰዓዳ! እትዬ ሰዓዳ!»

አፏ ቀዳዳው ላይ መጣ። ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ፣ «ማሻአላህ» አለች። «ስንት ሰው ነው የሚፈልጉት?»

«አንድ።»

«የመዋያው ባለቤት ማን ናት ያልሽኝ?»

«አቢር። ያንቺም ማዳም ታውቃታለች፣ ጓደኛሞች ናቸው።»

«አዎ፣ ታውቃታለች» አለች።

ሳምንቱን ሙሉ አሠለጠነችኝ። እንደዚያ ጠንክራ አስተምራኝ አታውቅም። ኢ*መር*ጀንሲ። ኢቫክዩ*ኤ*ሽን። ሪስፖንሲ*ቢ*ሊቲ፤ ይቺ ስድስት መቆንጠጫ ናት፣ ጂንሱ አራተኛው ላይ። ተሳስቼ አምስተኛው ላይ ስሰቅል፣ «ውረጂ!» ትለኛለች፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንደቆመች። ሐሙስ ዕለት ልንለያይ ስንል፣ «ያቺ የመንፉሐ ልጅ ትደውልልሻለች ወይ አሁንም?» አለችኝ።

«አልፎ አልፎ። ሰላም ለማለት።»

«ተጠንቀቂ» አለችኝ።

እንደ እህት የመከረችኝ መሰለኝ።

እሑድ ጠዋት ታጥቤ፣ ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ጥቁር ጫማ አድርጌ ሳሎን ጠበቅሁ። ማዳም ወረደች። የመኪና ቁልፍ አልያዘችም። እጇን ዘርግታ፣ «ስልክሽን» አለችኝ።

ሰጠኋት። ገብቶኝ አይደለም።

«መንፉሐ ማን አለሽ?»

«ማንም የለኝም፣ ማዳም።»

«ሉባባ ማን ናት?» ስሟን በትክክል ጠራችው። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ክፍሌ ሄደች። ዕቃ መበርበር አላስፈለጋትም፤ ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር ሰማያዊውን ቦርሳ ጎተተችው። ልብስ ስታጣበት የምታፍር መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ደብተሩን አወጣችው። ማዳም እንግሊዝኛ ታነባለች። ገጹን ገለባብጣ ገለባብጣ አንዱ ላይ ቆመች፤ አን፣ ዶክ፣ ዩ፣ መን፣ ትድ። በቀይ ተሰምሮበታል። ሰዓዳ ናት አስምሪበት ያለችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ ማዳም።

ማዳም ክፉ ሰው አልነበረችም። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ የማዳምን ሕፃን ልጅ ብቻውን ቤት ትታ ነው የጠፋችው፤ ሕፃኑን ያገኙት ደረጃ ላይ ነው። ይሄን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለሰዓዳም የነገርኳት እኔ ነኝ። ማዳምን የት ጋ ቢነኳት እንደሚያማት ሰዓዳ ከኔው ነው የተማረችው።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«የነገረችኝማ አላህ ይስጣት። ከመንገድ መለሰችሽ። ኸላስ፣ በቃ፣ የትም አትሄጂም።»

ስልኬን ስድስት ወር አላየሁትም። የጣራው በር ተቆለፈ፤ ልብስ ግቢ ውስጥ ማስጣት ጀመርኩ። እናቴ የሞትኩ መስሏት በየሰው ስልክ ስታፈላልገኝ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ ግን በእነዚያ ወራት ምን እንደማስብ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ሰዓዳ ቀዳዳው ጋ ቆማ እየጠበቀችኝ ይሆን እያልኩ እጨነቅ ነበር። ከእሷ ሌላ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ አእምሮዬ ያውቃል፤ ልቤ ግን ማዳም ስልኬን በርብራ ይሆናል፣ የሆነ ሰው ሰምቶን ይሆናል እያለ ምክንያት ይፈልግላታል።

ለዒድ አቢር ወደ ማዳም ቤት መጣች። ልጆቿን የያዘችላት ሴት ከኋላዋ ገባች፤ ሰማያዊ ጋውን፣ ደረቷ ላይ የመዋያው ስም ያለበት ካርድ። አጭር ናት። እኔ ከቀዳዳው ተነስቼ ረጅም አድርጌ ነበር የማስባት፤ ለካ ጣራው ላይ ባልዲ ገልብጣ ነበር የምትቆመው። ያወቅኳት ድዷን ሳይ ነው።

ትሪ ይዛ ወጥ ቤት ተከትላኝ ገባች። በሩን መለስ አደረገችው።

«ሐዊዬ» አለች።

«ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?»

«ለኔ ማዳም ነው የነገርኩት። እሷ ናት ለአንቺ ማዳም የነገረቻት።»

«ምን ብለሽ?»

«ያልሆነ ነገር አልተናገርኩም።»

«እሱ ነው እኮ የገደለኝ! ብትዋሺብኝ እምል ነበር። እውነቱን ስለነገርሻት የምምልበት አጣሁ።»

ትሪውን አስቀመጠችው። ዓይኗን አየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ፤ ቀይ ነው፣ የደከመ። «ኢክራም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት» አለችኝ። «እናቴ አርጅታለች። ዘጠኝ ዓመት አስተምሬ የሰው መጸዳጃ ሳጥብ፣ አንቺ በኔ እንግሊዝኛ… እኔ እያለሁ… አንቺ ገና ሃያ ሦስት ዓመትሽ ነው ሐዋ። ሌላ ይመጣልሻል። ለኔ አይመጣም።»

«ብትጠይቂኝስ? ልቀቂልኝ ብትይኝስ?»

«እምቢ ብትይኝስ?» አለች።

«ታዲያ ያን ሳምንት ሁሉ ለምን አስተማርሽኝ? ሐሙስ ሳይቀር?»

«እሱን እኔም አላውቅም» አለች። «ስታነቢ ደስ ትይኛለሽ። ያስተማርኩሽን ሁሉ ከልቤ ነው ያስተማርኩሽ።»

ከዚህ የበለጠ የሚያናድድ ነገር ልትለኝ አትችልም ነበር። ልሰድባት አፌን ስከፍት የአቢር ትንሿ ልጅ በሩን ገፍታ ገባች። ሰዓዳ ዞረች፤ ጎንበስ ብላ በእንግሊዝኛ አናገረቻት። ድምፅዋ ተለወጠ፤ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፣ አንዱን ትጫናለች፣ ሌላውን ዋጥ ታደርገዋለች፣ እንደ ዜማ ነው። እኔም እየጠላኋት አዳመጥኳት። የቱ ጋ እንደጠበቀ ሳላስበው እቆጥር ነበር። በራሴ ጆሮ ተናደድኩ።

ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ኮንትራቴን ጨርሼ ሌላ ቤት ገባሁ፤ አሁን የማስታምማት አንዲት አዛውንት ሴት ናት። በቀን ብዙ መድኃኒት ትወስዳለች፤ ልጆቿ የሩቅ ሥራ ስላላቸው የመድኃኒቱን ጽሑፍ የማነበው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ሳይቀር ሲያነጋግረኝ በእንግሊዝኛ ነው። የተከበርኩ ሠራተኛ ነኝ፣ አልዋሽም። እንጀራዬ የእሷ ትምህርት ነው። ጠርሙስ ባነሳሁ ቁጥር ድምፅዋ ይመጣል፤ የሰጠችኝን ልጥልላት ብፈልግ እንኳ የምጥለው ነገር አይደለም።

ሰዓዳ አገር ቤት ከመግባቷ በፊት ቁጥሬን በሰው አገኘችና ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ አርባ ሰከንድ። ሳልሰማው አጠፋሁት።

እንግዲህ ባጥሐ ያን ቀን ሉባባ የኢክራምን ቁጥር ሰጠችኝ። «ደውለሽ አጽናኛት፣ ብቻዋን ነው የቀረችው» አለችኝ። ሦስት ቀን አንጠለጠልኩት። ማክሰኞ ከሰዓት አሮጊቷ ስትተኛ በረንዳ ላይ ወጥቼ ደወልኩ።

«ሐዋ እባላለሁ፤ ከሪያድ ነው። ከእናትሽ ጋር…»

«እትዬ ሐዋ!» ልጅቷ ጮኸች። «አንቺ ነሽ? የሺፋዋ?»

«አዎ፣ የሺፋዋ።»

«አልሐምዱሊላህ። ቁጥርሽን ስንት ጊዜ ፈለግኩ መሰለሽ። እማ ስላንቺ ሳታወራ አትውልም ነበር። ዱዓ ስታደርግ ከኔ ቀጥሎ የምትጠራው ያንቺን ስም ነው።» ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ትንፋሽ ወሰደች። «ሦስተኛ ዓመት ነርሲንግ ነኝ፣ እትዬ። ባንቺ ምክንያት ነው።»

«በኔ?»

«ሥራውን ለቀሽላት የለ? የመዋያውን። ‹እኔ ልጅ የለኝም፣ አንቺ ልጅ አለሽ፣ አንቺ ግቢበት ብላ በገዛ እጇ የሰጠችኝ ልጅ አለች› ትለን ነበር። አያቴም እስክትሞት ስትመርቅሽ ነው የኖረችው።»

በረንዳው ላይ ያለውን ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ስለዚህ ሐይቅ ውስጥ አንድ ሐዋ አለች ማለት ነው፤ ደግ፣ እጇ የተፈታ። የሚመርቋት። እኔ ግን ስድስት ወር ስልክ ተነጥቄ፣ እናቴ ሞታለች ብላ ስታለቅስልኝ፣ ያችኛዋ ሐዋ በሐይቅ ትመሰገን ነበር። ሥራዬን ስትወስድ ያልነካችው አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ የሆነውን ማወቄ። እሱንም ወስዳ የራሷ አድርጋ አስተካክላ ለልጇ አስተምራዋለች። አስተማሪ ናትና አሳምራ ነው ያስተማረችው።

«እትዬ?» አለች ኢክራም። «ይቅርታ አድርጊልኝና አንዳንዴ እጠራጠር ነበር። ሰው እንዲህ ያደርጋል ወይ እያልኩ። እውነት ነው አይደል?»

ከታች መንገዱ ላይ የውሃ መኪና ቆሟል። ሹፌሩ ቱቦውን እየጠቀለለ ነው። ጠቅልሎ እስኪጨርስ አየሁት።

«እውነት ነው» አልኳት። «ለቀቅኩላት።»

ልጅቷ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ እንደ አገራችን ደንብ፣ ለሟች የሚጠየቀውን ጠየቀችኝ፤ ምንም በደል ኖሮ አይደለም፣ የሚያውቋትን ሁሉ እየደወለች የምትጠይቀውን ነው። «እትዬ ሐዋ፣ ከእማ ጋር ብዙ ጊዜ ኖራችኋል፤ ሳታውቅ ያስቀየመችሽ ነገር ካለ አውፍ በያት፣ ይቅር በያት።»

«ኢክራም፣ መስመሩ ተቆራረጠብኝ» አልኳት።

«አውፍ በያት እያልኩሽ ነው፣ እትዬ! ይሰማሻል? አውፍ በያት!»

«አልሰማሽም እህቴ፤ ሌላ ቀን እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

መስመሩ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።